«የሰማንያዎቹ ድምፅ» የሚባለው የትኛው ነው?

በፈረንጆቹ 1982 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር በሽያጭ አንደኛ የወጡትን ዘፈኖች በተርታ ልንገራችሁ። ጥር ሲገባ አንደኛ ሆኖ የተቀመጠው የሸፊልዱ ሂዩማን ሊግ ነው። በሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) እና በድራም ማሽን (የከበሮ መቺን ቦታ በሚተካ መሣሪያ) የተሠራ፣ ወንዱና ሴቷ ተራ በተራ የሚነታረኩበት ዘፈን ነው። እሱን ያወረደው ባክስ ፊዝ ነበር፤ በፊተኛው ዓመት የአውሮፓን የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥንን፣ ያሸነፈ፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ቁጭ ብለው የሚያዩት ዓይነት ቡድን። ከዚያ ሻኪን ስቲቨንስ የሚባል የዌልስ ሰው መጣ፤ ለሱ ጊዜው 1956 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ከዚያ ክራፍትወርክ፣ እንደ ሮቦት ደርቀው የሚቆሙ አራት ጀርመኖች፣ ያውም ከአራት ዓመት በፊት ባወጡት ዘፈን። ከዚያ ዘ ጃም፣ ቤዙ የድሮ የዲትሮይት ሶል የሚመስል፣ ቃላቱ ግን ምሬት ብቻ የሆነ ሮክ። ከዚያ ደግሞ ታይት ፊት የሚባል ቡድን አንበሳው ተኝቷል እያለ መጣ። ይቺ ዜማ እንኳን ሥሯ ሩቅ ነው፤ ሰለሞን ሊንዳ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ የቀዳት ናት፣ እሱ ግን ሳያልፍለት ነው የሞተው።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰንጠረዥ ላይ፣ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ስልካችሁን አውጡና «ምርጥ የሰማንያዎቹ» የሚል ዝርዝር ክፈቱ። ሽፋኑ ላይ ሮዝና ሰማያዊ መብራት፣ የዘንባባ ጥላ፣ ምናልባት አንድ ስፖርት መኪና። ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ጥሩ ናቸው፣ አልክድም። ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ሻኪን ስቲቨንስ የለም፣ ዘ ጃም ቢኖር ዕድለኛ ናችሁ፣ ሄቪ ሜታሉ ለብቻው ሌላ ዝርዝር ውስጥ ታጉሯል፣ የጥቁሮቹ ዳንስ ሙዚቃም እንዲሁ። አርባ ዓመት ሲያበጥሩት የቆየው ወንፊት ያስቀረልን አንድ ቀጭን ነገር ነው፤ እሱንም «የሰማንያዎቹ ድምፅ» ብለን ሰየምነው።

(የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ቀድሜ ልናገር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። በእኛ ቢቆጠር ወሬው ስለ ሰባዎቹ ነው፣ ከ1972 እስከ 1976 ዓ.ም. አካባቢ። «ሰማንያዎቹ» ሲባል የኢሕአዴግ መግቢያ ትዝ የሚለው ሰው እንዳይደናገር ብዬ ነው።)

ነገሩን አሁን ማንሳት ለምን አስፈለገ? ድምፁ ተመልሶ ስለመጣ ነዋ። እንግሊዛዊቷ ኬት ቡሽ በ1985 ያወጣችው ዘፈን አንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ገብቶ በ2022፣ ከ37 ዓመት በኋላ፣ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ የሚለው የእኛው ልጅ፣ በ2019 መጨረሻ የለቀቀው «ብላይንዲንግ ላይትስ» ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ በዚያ ዘመን ኪቦርድ የተሞላ ነው። ቢልቦርድ መጽሔትም በ2021 በታሪኩ ካወጣው ሰንጠረዥ ሁሉ ቀዳሚው ዘፈን ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ ያልሞከረ ድምፃዊ ማግኘት ከባድ ነው። እና እኔን የሚከነክነኝ መቅዳቱ አይደለም። የሚቀዳው ድምፁ ብቻ መሆኑ ነው። ድምፁ ደግሞ የመጨረሻው ውጤት እንጂ ነገሩ ራሱ አልነበረም። የዚያ ዘመን ጉልበት ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አለማወቁ ነበር።

ከዕቃዎቹ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁሉንም ለዕቃዎቹ ስለሚሰጥ።

በ1980 ሁለት ድራም ማሽኖች ገበያ ላይ ወጡ። አንደኛው ሮጀር ሊን የሚባል አሜሪካዊ የሠራው ኤል ኤም 1 ነው። ውስጡ በእውነተኛ ከበሮ የተቀዳ ድምፅ ነበረበት፣ ዋጋው ግን ወደ 5,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲአር 808 ነው፣ ወደ 1,200 ዶላር። የርካሹ ችግር ከበሮ አለመምሰሉ ነበር። ቤዙ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ጭብጨባው ጭብጨባ አይመስልም። ባለሙያዎቹ ናቁት። ሮላንድ ወደ 12,000 የሚሆን ካመረተ በኋላ በ1983 መሥራቱን አቆመ። የተናቀው ዕቃ ሁለተኛ እጅ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ሲገኝ ማን እጅ ገባ? ገንዘብ የሌላቸው ልጆች እጅ። ምርቱ ገና ሳይቋረጥም ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሂፕ ሆፕ የሚሠሩት ያንን ማሽን ከክራፍትወርክ ዜማ ጋር አጋብተው በ1982 «ፕላኔት ሮክ»ን አወጡ። በዚያው ዓመት ማርቪን ጌይ፣ ኑሮ አማርሮት ቤልጅግ አገር ኦስተንድ ከተማ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ፣ ያንኑ ማሽን ለፍቅር ዘፈን ተጠቀመበት። አንዱ ለጭፈራ፣ አንዱ ለመኝታ ቤት። ማሽኑ ግን ያው አንድ ነው።

ሌላው የዘመኑ ምልክት ያ እንደ መድፍ የሚፈነዳው ከበሮ ነው። አመጣጡ አጋጣሚ ነው። ለንደን ታውንሃውስ በሚባለው ስቱዲዮ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፒተር ጋብሪኤል አልበም ሲቀዳ ፊል ኮሊንስ ከበሮ ይመታ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ጣሪያው ላይ ለወሬ ብቻ የተሰቀለ ማይክ ነበረ፤ ሙዚቀኞቹ ከመስተዋቱ ወዲያ ካለው ቴክኒሺያን ጋር የሚነጋገሩበት። ማይኩ ትንሹንም ትልቁንም ድምፅ እኩል እንዲያሰማ ተደርጎ የተስተካከለ ነው። ኮሊንስ ሲመታ ያ ማይክ ክፍት ሆኖ ተገኘ፣ ከበሮውም በዚያ በኩል አብጦ ወጣ። ሂዩ ፓጅሃም የሚባለው የድምፅ ባለሙያ ድምፁን ወደደውና አንድ ነገር ጨመረበት። ገደል ማሚቶው እየደከመ እንዲጠፋ አልተወውም፣ በር ድርግም ተደርጎ እንደተዘጋ በድንገት ቆረጠው። ኮሊንስ ይህንኑ ይዞ በ1981 መጀመሪያ ለራሱ ዘፈን ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲያ አስር ዓመት ሙሉ የምትሰሙት ከበሮ ሁሉ በር እየተዘጋበት ነው። ዛሬ አንድ ቁልፍ ስትነኩ ኮምፒውተሩ ያንን ድምፅ ይሰጣችኋል። ያኔ ግን ሰዎቹ ምን እንዳገኙ ራሳቸውም ገና እያወቁ ነበር።

ይህ የመፈለግ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ነበረው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባል ኪቦርድ አወጣ። ወደ 2,000 ዶላር፣ ለብዙ ባንድ የሚቻል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ድምፁን ራስ ሠርቶ ማውጣት በጣም አስቸጋሪ ስለነበር አብዛኛው ሰው ፋብሪካው የሞላበትን ድምፅ እንዳለ ተጠቀመ። ያቺ እንደ ደወል የምትንቆረቆር የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ እያንዳንዱ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ገባች። እንግዲህ የምናወራው ብዝሃነት በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ ነው መጥበብ የጀመረው፣ በ1984 እና በ1985። የሚገርመው ዛሬ «የሰማንያዎቹ» ተብሎ የሚሸጠው በብዛት ከዚህ ከጠበበው ጊዜ የተወሰደ ነው። ኬት ቡሽንም ልብ በሉ፣ 1985። (እሷን ግን ከማንም ጋር አልደባልቃትም፣ በደል ይሆናል።)

ዕቃው ብቻውን ግን አያዘፍንም። ኑሮውም አለ። ያ የስድስት ዓይነት ዘፈን ተርታ የጀመረበት ጥር 1982 እንግሊዝ ውስጥ የሥራ አጡ ቁጥር 3 ሚሊዮን ያለፈበት ወር ነው። ፋብሪካ ይዘጋል፣ ወጣቱ ጎዳና ላይ ነው፣ ድጎማ ተቀብሎ ጊታር ይለማመዳል። ዩቢ ፎርቲን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ታክሲ ውስጥ ያልሰማው የለም ማለት ይቻላል። ስሙ ግን የሥራ አጥ ድጎማ ቅጽ ቁጥር ነው። የበርሚንግሃም ልጆች ናቸው፣ በ1980 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ሽፋኑ ላይ ያተሙትም ያንኑ የድጎማ ካርድ ነው። ኮቨንትሪ ደግሞ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነች። ዘ ስፔሻልስ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የነበሩበት ባንድ ከዚያ ወጥተው፣ በጃማይካ ስካ ምት ላይ ስለሞተች ከተማ ዘፈኑ። ዘፈኑ በሐምሌ 1981 አንደኛ ሲወጣ በሊቨርፑልና በሌሎች ከተሞች ወጣቱና ፖሊስ መንገድ ላይ እየተደባደቡ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዘፈን ለጭፈራ ይሁን ለለቅሶ እስካሁን አይገባኝም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ከተማ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሸፊልድን ነው የምመርጠው።

ሸፊልድ የብረት ከተማ ነች። ቢላ፣ ሹካ፣ ማንኪያ፣ የማይዝግ ብረት። በ1980 መጀመሪያ የአገሪቱ ብረት ሠራተኞች ለሦስት ወር አድማ መቱ፤ ከዚያም ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ መዘጋት ያዙ። ከዚህች አንዲት ከተማ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ምን እንደወጣ እዩ።

ሂዩማን ሊግ መጀመሪያ ሲቋቋም ማርቲን ዌርና ኢያን ክሬግ ማርሽ የኮምፒውተር ሠራተኞች ነበሩ፣ ድምፃዊው ፊል ኦኪ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እየገፋ የሚኖር ሰው ነው። በ1980 መገባደጃ ተጣሉና ለሁለት ተከፈሉ። ኦኪ ስሙን ይዞ ቀረ፣ ሙዚቃውን የሚያውቁት ሁለቱ ሄዱ። ጉብኝት ሊጀምሩ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ምን ይበጃል? ኦኪ ከተማው ውስጥ አንድ ጭፈራ ቤት ገባ፣ ሲጨፍሩ ያያቸውን ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች፣ ጆአን ካትሮልንና ሱዛን ሰሊን፣ ከባንዱ ጋር እንዲሄዱ ጠየቃቸው። ዘፋኞች አልነበሩም። ቆይተው የተሠራው «ዴር» የሚባለው አልበም ላይ ያ ወንዱና ሴቷ የሚነታረኩበት ዘፈን አለ፣ የሴቷን ድምፅ የምትዘፍነው ሱዛን ነች። ኦኪ ራሱ ዘፈኑን አልወደደውም ነበር፣ የአልበሙ መጨረሻ ላይ ነው የከተተው፣ ለብቻው እንዳይወጣም ተከራክሯል። ወጣ፣ እንግሊዝን ያዘ፣ በሐምሌ 1982 ደግሞ አሜሪካን። ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ራሸንት ከዚያ በፊት የፓንክ ባንዶችን የሚቀዳ ሰው ነው። ያ ውድ የሊን ማሽን እጁ ሲገባ እንደ ፓንክ ሰው ያዘው ማለት ነው፣ ሕጉን ሳይጠይቅ።

የሄዱት ሁለቱስ? ግሌን ግሪጎሪን ድምፃዊ አድርገው ሄቨን 17ን አቋቋሙ፣ ፈንክ ወደሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ አዘነበሉ። በዚያው ከተማ ማርቲን ፍራይ የሚባል ልጅ በራሱ የሚያባዛት ትንሽ መጽሔት ነበረችው። አንድ የኤሌክትሮኒክ ባንድ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግ ሄዶ ባንዱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያ ባንድ ኤቢሲ ሆነ። በ1982 በወርቃማ ኮት፣ በቫዮሊን ታጅቦ፣ እንደ ድሮ የሆሊውድ ፍቅር የሚያሰማ አልበም አወጡ። ካባሬ ቮልቴር ደግሞ በአሮጌ ቴፕ ጩኸት እየቆራረጡ ይቀጥሉ ነበር፣ ለጆሮ የማይመች ነገር፤ እኔም እስካሁን ሙሉውን ጨርሼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ «ሲንተሳይዘር» በሚለው ስር ሊጠቃለል ይችላል ብላችሁ ይሆናል። ግን ዴፍ ሌፐርድም የሸፊልድ ልጆች ናቸው! አንድ የማንኪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው ይለማመዱ የነበረው። ረጅም ፀጉር፣ ጊታር፣ ጩኸት። በጥር 1983 ያወጡት «ፓይሮሜኒያ» አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ድረስ ወጣ፤ አንደኛነቱን የከለከላቸው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ነው። ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንደነበር የሚያሳየው ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያ የሜታል አልበም ላይ ኪቦርዱን የተጫወተው ቶማስ ዶልቢ ነው፣ በሲንተሳይዘር የሳይንቲስት ቀልድ የዘፈነው ሰውዬ። ስሙን ቀይሮ ነው የተጻፈው። የሜታል አድናቂ እንዳያይበት ይሆናላ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ግድግዳው ስስ አልነበረም። በሐምሌ 1979 ቺካጎ አንድ የሬዲዮ ሰው የቤዝቦል ሜዳ ላይ የዲስኮ ሸክላ ሰብስቦ በፈንጂ አፈነዳ። ቀልድ ነው ተባለ። ዲስኮ ግን የጥቁሮች፣ የላቲኖች፣ የግብረ ሰዶማውያን ሙዚቃ ስለነበር ቀልዱ ለማን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ለነጭ ሮክ፣ ለጥቁር ሌላ ጣቢያ እየተባለ ተከፋፈለ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ኤምቲቪ፣ የሙዚቃ ቪዲዮ የሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ሲከፈት ይህንኑ ክፍፍል ይዞ ነው የገባው። የመጀመሪያው ቪዲዮ «ቪዲዮ የሬዲዮውን ኮከብ ገደለው» የሚለው የባግልስ ዘፈን ነው። (የባግልሱ ድምፃዊ ትሬቨር ሆርን ነው፣ ያንን የኤቢሲን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው። ወደ ሸፊልድ የማይመለስ መንገድ የለም።) ጣቢያው ቪዲዮ ያስፈልገዋል፣ ቪዲዮ ቀድመው የሠሩት ደግሞ እንግሊዞቹ ናቸው። እናም እነ ዱራን ዱራን በዚያ በር ገቡ። ጥቁሩ የፈንክ ዘፋኝ ሪክ ጄምስ ግን ቪዲዮው ሲመለስበት በአደባባይ ተናገረ። በ1983 መጀመሪያ ዴቪድ ቦዊ ለቃለ መጠይቅ ጣቢያው ላይ ቀርቦ ጥያቄውን ገለበጠና ጥቁር ሙዚቀኞች ለምን አይታዩም ብሎ ጋዜጠኛውን አፋጠጠው።

ግድግዳውን ያፈረሰው ማይክል ጃክሰን ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፣ ግን እንዴት እንዳፈረሰው ማየት ይጠቅማል። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስና እሱ አስበውበት ነው የሄዱት። «ቢት ኢት» ላይ ሊድ ጊታሩን ለኤዲ ቫን ሄለን ሰጡት፣ ያኔ ሮክ ጊታር ሲባል እሱ ነው። ቫን ሄለን ገንዘብ እንኳ አልተቀበለም። ጥቁር ዘፋኝ የማያጫውቱ ሮክ ጣቢያዎች አሁን ምን ይበሉ? ከአንድ ዓመት በኋላ ይሄው ጊታሪስት፣ በገዛ ባንዱ፣ በሲንተሳይዘር የሚጀምር ዘፈን ይዞ መጣና በ1984 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ፕሪንስ ደግሞ ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ ሮክ ነው ፈንክ ነው የሚለውን ጥያቄ ራሱን ከንቱ እያደረገው ነበር።

ሌላ ዛሬ የጠፋ ነገር አለ። ቢቢሲ ሐሙስ ማታ «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» የሚባል ዝግጅት ነበረው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ነው። የአይረን ሜይደን አድናቂ የራሱን እስኪያይ ቦይ ጆርጅን ቁጭ ብሎ ማየት ግድ ይለዋል፣ እናቱ ደግሞ በተራዋ ጩኸቱን ትችላለች። ይህ ለሰሚው ቅጣት ነው፣ ለሙዚቀኛው ግን ትምህርት ቤት። ዛሬ አልጎሪዝሙ የወደድከውን አይቶ የሚመስለውን ይሰጥሃል። የማትወደውን የመስማት ዕድል የለህም። ስለዚህ ሰማንያዎቹን ስትፈልግ ሰማንያዎቹን አታገኝም፣ አንተ ባለፈው ሳምንት የሰማኸውን ነው የምታገኘው። መቼም ያኔ ሁሉም ወርቅ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከታይት ፊት ቀጥሎ አንደኛ የወጣውን ዘፈን ያልነገርኳችሁ አዝኜላችሁ ነው።

ወደ አቤል ልመለስ፣ ምክንያቱም ከላይ የተናገርኩት ነገር እሱን ያማሁት ያስመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከአስመሳዮቹ የሚለየው ሰፋ አድርጎ መስማቱ ነው። በ2022 አልበሙ ላይ በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣ የቶሞኮ አራንን ዘፈን ወስዶ ሠርቶበታል። እዚያው አልበም ላይ ሌላ ዘፈን የተሠራው በ1981 በአሊሺያ ማየርስ የምስጋና ዘፈን ላይ ነው፣ ጥቁሮቹ ዳንስ ቤት የሚያውቁት። በ2016 «ሲክሬትስ» የሚለው ዘፈኑ ደግሞ ሁለት ነገር ያገናኛል፦ የዲትሮይቶቹ ዘ ሮማንቲክስ በ1983 ያወጡት ዘፈን አዝማቹ ላይ አለ፣ ከሥሩ የሚሄደው ደግሞ ቲርስ ፎር ፊርስ ከሚባሉት እንግሊዞች «ፔል ሼልተር» የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገረመኝ።

«ፔል ሼልተር» ያለበት አልበም «ዘ ኸርቲንግ» ይባላል፣ በ1983 የወጣ ነው። ሮላንድ ኦርዛባልና ከርት ስሚዝ ባዝ ከተማ ያደጉ፣ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ልጆች ናቸው፤ አልበሙ በሙሉ ስለ ልጅነት ቁስል ነው። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ በከበሮ ይጀምራል። በኅዳር 1984 ሙዚቀኞቹ ሚጅ ዩርና ቦብ ጌልዶፍ ለንደን ውስጥ በሽተኛና ረሃብተኛ ለመርዳት ያን የታወቀውን የገና ዘፈን ሲያዘጋጁ፣ መግቢያው ላይ የሚሰማውን ጨለም ያለ ምት ያገኙት ከዚህ ከበሮ ነው። ቀድተው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው። ረሃቡ የእኛ ነው፤ ከአንድ ወር በፊት ማይክል በርክ ከኮረም የላከው የቢቢሲ ዘገባ ነው ሁሉንም የቀሰቀሰው። ስቱዲዮው ውስጥ የተሰበሰቡትን ብትቆጥሩ የዚያን ሦስት አራት ዓመት ሙዚቃ በአንድ ክፍል ታገኛላችሁ፦ ቦይ ጆርጅ፣ ዱራን ዱራን፣ የዘ ጃሙ ፖል ዌለር፣ ስቲንግ፣ ቦኖ፣ ከበሮው ላይ ፊል ኮሊንስ። የሄቨን 17ቱ ግሌን ግሪጎሪም አለ፣ የሸፊልዱ። ቲርስ ፎር ፊርስ ራሳቸው አልነበሩም። ከበሯቸው ብቻ ነበረች።

ስለ ዘፈኑ ቃላት እኛ ያልነው ብዙ ነው፣ አልደግመውም። አንዲት ነገር ብቻ። ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብለው የጠየቁባት ታኅሣሥ 25፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ነች። ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። እነሱ በዘፈን ሲጠይቁ ይህንን ያወቁ አይመስለኝም። ገንዘቡ ግን ተሰብስቧል፣ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሽጧል።

እንግዲህ አንድ አልበም ነው። አንዱ ቁራጩ በ1984 ስለ ኢትዮጵያውያን ሰቆቃ በተዘፈነው መግቢያ ላይ አለ። ሌላው ቁራጩ በ2016፣ ከአገር ከወጡ ኢትዮጵያውያን ቶሮንቶ የተወለደ፣ በእናቱና በአያቱ ቤት አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ እጅ ላይ አለ። ማንም አላቀደውም። ሁለቱም ጊዜ ከባዝ ልጆች ዘፈን የተፈለገው የተለየ ነገር ነው፣ አንዴ ጨለማው፣ አንዴ ዜማው። «የሰማንያዎቹ ድምፅ» የሚለው ስያሜ የማይነግረን እንዲህ ያለውን ነው።

የማይነግረን ሌላም አለ። ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ለጉብኝት ሄዶ ነበር፣ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ልጅ ሆኖ የለመደው አኮርዲዮን አለ፣ ሮድስ ፒያኖ አለ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር አለ፣ ምቱን የሚይዝ ማሽን አለ። ከአኮርዲዮኑ በቀር ዕቃው ያው ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበት ነው። የሚወጣው ግን ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ የድሮ የአገር ቤት ዜማ በማሽን ምት ላይ እየተንሳፈፈ። «ሸሞንሟናዬ» ተባለ፣ በካሴት ወጣ፣ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉም ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ትንሿን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቷን አንድ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኛት፣ በ2013 እንደገና ታተመች፣ ኃይሉም እንደገና መድረክ ላይ ወጣ።

እኔ ካሴቷን በዚያ ሰሞን ካገኘኋት ወዲህ ከሂዩማን ሊግ ቀጥዬ ነው የምከፍታት፣ አንዱ ከሌላው ጎን ሲሆን ሁለቱም ይበልጥ ይሰማሉ። «ምርጥ የሰማንያዎቹ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ግን እስካሁን አልገጠመችኝም።